እናቴና ገና ያልደረሰው መርፌ

ቆቦ መናኸሪያ እንደወረድኩ እናቴ ኡሙሰልማ አገላብጣ ሳመችኝና ዓይኗን ሻንጣዬ ላይ ተከለች።

«አመጣሽው?»

«ምኑን?»

«ሳምንት የሚያቆየውን መርፌ ነዋ!»

ጉድ ፈላ። ዩኒቨርሲቲ የምንሠራውን በስልክ አጫውቻት ነበር። የስኳር በሽተኞች የሚወጉትን ኢንሱሊን በዓይን በማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ውስጥ እናሽገዋለን፤ አንዴ ከተወጉት ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ይለቀቃል። ናኖ ይሉታል። እናቴ ጠዋትና ማታ ሆዷን እየወጋች ነው ያሳደገችኝ፤ ደስ ይበላት ብዬ ነው። ገና አይጥ ላይ እየሞከርን እንደሆነም ነግሬያታለሁ። እሷ ግን የፈለገችውን ብቻ ሰምታለች።

ቤት ስንገባ ውሃ ቀድታ ጠጣች፤ ደገመች። ስኳሯ ከፍ እንዳለ ገባኝ።

«እማ፣ ዛሬ ተወግተሻል?»

«ከትናንት ጀምሮ የለኝም። ያለችኝን ለሳቢራ ሰጠኋት።»

«የቷ ሳቢራ?»

«የዋጃዋ። ልጇ ስኳር አለበት። ፋርማሲ በር ላይ አልቋል ብለዋት ስታለቅስ አገኘኋት። ልጄ አዲሱን ይዛልኝ እየመጣች አሮጌውን ታቅፌ ልቀመጥ? አላህስ ምን ይለኛል?»

ደሜ ፈላ። በእናቴም፣ በምላሴም፣ ስኳራቸው ተስተካክሎላቸው በሚፈነጩት አይጦቻችንም ተናደድኩ። ወጥቼ ፋርማሲዎቹን አዳረስኩ፤ ጤና ጣቢያም ገባሁ። «የለም፤ ወልድያ ሞክሪ» ነው መልሳቸው። መሽቶ ስለነበር የሚሄድ መኪና አጣሁ።

ስመለስ እናቴ ተጋድማ ትንፋሿ ፈጠን ፈጠን ይላል። አማራጭ አልነበረኝም፤ በእናቴ ስልክ ሳቢራ ጋ ደውዬ ልጇ ነኝ አልኳት።

«ፈሪሀ ነሽ? አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው! ልጄ ዓይኑን ገለጠልኝ። ያቺው ጠብታ ናት ያቆየችው። እናትሽስ? አዲሱን ተወጋች? ካልደረሰላት ንገሪኝ፣ የቀረችውን በባጃጅም ቢሆን ይዤላት እመጣለሁ።»

አፌን ስከፍት እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«አብሽሪ ሳቢራ! ልጄ አዲሱን ይዛልኝ መጥታለች፤ ተወግቼ ጋደም ብያለሁ። አንቺ ልጅሽን ያዢ።» ዘግታ ስልኩን ትራሷ ሥር ሸጎጠችው።

«እማ! ለምን ዋሸሻት?»

«ምን ልበላት? ያንን ልጅ መልሼ ልግደለው?»

ኢንሱሊን በየሰዓቱ ስንት እንደሚለቀቅ ዩኒቨርሲቲ በሥዕል አሳይቼ ያስጨበጨብኩት እኔ፣ እናቴ እግር ሥር ቁጭ አልኩ። እስኪነጋ እጇን ያዝኩላት፤ ሌላ የምይዝላት ነገር አልነበረኝም።