ከፋለ ያዋሱት ድንኳን

«አያ ገብረመስቀል፣ ይግቡ እንጂ፤ ዝናቡ መታዎት እኮ» አለች ሰርካለም።

አቶ ገብረመስቀል የድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆመው ቀርተዋል። የቅሬው ማለትም የሰፈሩ ዕድር ዳኛ እሳቸው፣ የለቅሶውን ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው፣ አሁን ለመግባት ወኔ ያጡትም እሳቸው። የሰርካለም አባት አቶ ከፋለ ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ለቀስተኛው ንፍሮውን እየዘገነ በሹክሹክታ ያወራል።

ሽማግሌው እንደ ምንም ገቡና ከመሃል ምሰሶው አጠገብ ተቀመጡ። ምሰሶው ወገቡ ላይ ተሰብሮ በጠፍር ታስሯል። ያን ጠፍር ባየች ቁጥር ሰርካለም ዓይኗን ትመልሳለች። አባቷ በእሷ ሰበብ ከቅሬው ዳኝነት ተሽረው ዐሥር ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ተቀይመዋት ሞተው ይሆን? አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም። ይኸው ዕንባም እምቢ ብሏታል።

ነገሩ የሆነው በዘጠና ስምንት ክረምት ነው። ሰርካለምና ጓደኞቿ ባንድ አቋቁመዋል፤ ባንድ ከተባለ። ኢያቄም ማሲንቆ፣ አሊ ከበሮ፣ ሙሉሰው ከሆቴል የተዋሰው ቤዝ ጊታር፣ እሷ ደግሞ ራፕ። የላሊበላ ሰው «ማሲንቆውስ እሺ፣ ልጅቷ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» ይል ነበር። ለቅዳሜ ገበያተኛ ሊጫወቱ ሲሰናዱ ዝናቡ መጣ። አቶ ከፋለ ሰማዩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ የቅሬውን መጋዘን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። የለቅሶው ድንኳን ለዘፈን ወጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን በደጃቸው ተተከለ።

ገበያተኛው ድንኳኑን ሲያይ ሰው የሞተ መስሎት እያለቀሰ ይገባ ጀመር። ማሲንቆውን ሲያይ ግራ ገብቶት ዝም ይላል። ከሁሉ የባሱት በዚያች ሰዓት ከወልድያ አውቶቡስ የወረዱት ገብረመስቀል ነበሩ። ድንኳኑ በጓደኛቸው ደጅ መተከሉን አይተው ደረታቸውን እየደቁ ገቡ።

«ከፋለ! ወንድሜ ከፋለ! ጥለኸኝ?»

«እዚህ ነኝ ገብሬ። ተቀመጥ፣ ሊጀምሩ ነው።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ልጆቹ ግን ደንግጠው ደረቁ። ያኔ ከፋለ ምሰሶውን በዱላቸው መቱት፤ ዱም፣ ዱም ዱም። አሊ ያንኑ ተቀበለ፣ ማሲንቆው ገባ፣ ሰርካለም አፏን ከፈተች። ለለቅሶ የመጣው ሁሉ ጨፈረ፤ ጭፈራው ሲጦፍ አንዱ ተንገዳግዶ ምሰሶውን ሰበረው።

«ድንኳን ባንድ» የተባሉት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ከጋሸና ምግብ ቤቶች ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ደረሱ፤ ሲዲያቸው በየሚኒባሱ ጮኸ። ዘፈናቸው ሁሉ የሚጀምረው በዚያችው ምት ነው። ከፋለን ግን ቅሬው በሳምንቱ ሻራቸው። ከሳሹ ገብረመስቀል ነበሩ።

«አያ ገብረመስቀል» አለች አሁን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባቴ ድንኳኑን በማዋሳቸው ተጸጽተው ነበር?»

«ምን ይጸጸታል! በየዓመቱ እየሄድኩ ‹አጥፍቻለሁ በልና ወንበርህን ውሰድ› እለዋለሁ። ‹ነገም ቢዘንብ አውሳታለሁ› ይለኛል። ሲዲያችሁን ከፍቶ፣ ገና ሲጀምር ‹ስማ ገብሬ፣ ይቺ ምት የኔ ናት› እያለ ያደርቀኛል።» ሽማግሌው ወደ ድንኳኑ ደጃፍ ዞሩ። «ደጃፉ ላይ ለምን የቆምኩ መሰለሽ? ‹እዚህ ነኝ ገብሬ› የሚለኝ መስሎኝ እኮ ነው።»

ሰርካለም ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ብትይዘውም አመለጣት። ለቀስተኛው ዞሮ አያት፤ ያን ቅዳሜ የነበሩትም ወሬው ገብቷቸው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሳቋ መሃል ሁለት ቀን የጠፋው ዕንባ መጣና ጉንጯን አራሰው። ደስ አላት፤ አባቷ ናፈቋት።

ገብረመስቀል ዱላቸውን አነሡና ምሰሶውን ከጠፍሩ በላይ ቀስ ብለው አንድ ጊዜ መቱት። ከዚያ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

የቀሩትን ሁለቱን ሰርካለም በጣቷ መታች።