ሁለት ጓጉንቸር

በያጁ ብስክሌቱን ያጣ ዕለት ጠዋት፣ መጀመሪያ ሮጦ ያየው የግቢውን በር ነበር። በሩ አልተሰበረም፤ ጓጉንቸሩም እንደተቆለፈ ነው። ሚስቱ ከኋላው ቆማ ያንኑ አየችና፣ "ቁልፍ ያለው ሰው ነው የወሰደው" አለች። ከሁለቱ ሌላ የግቢው ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጓሮ ባለችው ክፍል የሚኖረው የበያጁ ታናሽ ወንድም።

ታናሽየው ዳቦ ቤት ይሠራል። ጎህ ሳይቀድ በብስክሌቱ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ይመለሳል። ያን ቀን ሲመለስ ወንድሙ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቀው።

"ብስክሌቴን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?"

"ትናንት ማለዳ፣ እኔ ስወጣ ግቢው ውስጥ ቆሞ። ምነው?"

"ማታስ?"

"ማታ ተኝቼ ነበር። ወንድም ጋሼ፣ ልትለኝ የፈለግከውን በለኝ።"

በያጁ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ቤት ገባ። ይህ ከስድብ የከፋ እንደነበር ራሱም ያውቀዋል። ወንድሙ ከዳቦ ቤት የተረፈች ዳቦ እንኳ ሳያስፈቅድ የማያነሳ ሰው ነው። አንዴ መጠርጠር የጀመረ ግን ይህ ሁሉ መች ይታየዋል!

የብስክሌት ማስቀመጫ ቤት የመሥራቱን ሐሳብ ያመጣው ታናሽየው ነበር። "ጓሮ ውስጥ እንሥራ። ሌባ ሲያየው ተስፋ የሚቆርጥበት ይሁን" አለ። የተጠረጠረ ሰው ከሁሉ በፊት ተነስቶ መዶሻ ሲያነሳ ማየት አንጀት ይበላል። የበያጁን አንጀት ግን አልበላም።

ቅዳሜ ጀመሩ። መሬቱን በኖራ አሰመሩ፤ ሁለት ብስክሌት መሪና መሪ ሳይነካካ እንዲቆም አድርገው ለኩት። ወለሉን ቤቶን ሞሉት፤ ቤቶኑ ሳይደርቅ ሰንሰለት የሚታሰርበት ወፍራም ቀለበት ቀበሩበት። የበሩን ማጠፊያዎች ሌባ ከውጭ እንዳይፈታቸው ወደ ውስጥ አዞሯቸው። አንግል ብረቱ ቆመ፣ ላሜራ ለበሰ።

ሲሠሩ ደግሞ የድሮው ነገር መጣ። ከአባታቸው የወረሱት የብየዳ መነጽር አንድ ብቻ ስለነበር፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ታናሽየው ብረቱን ይይዛል፣ ታላቅየው "ዓይን!" ብሎ ይጮሃል፤ ያኔ ታናሽየው ጭፍን ያደርጋል። "በቃ" እስኪባል አይገልጥም። እሳቱ እጁ አጠገብ ሲንጣጣ እጁ ፍንክች አይልም። ያን ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። በያጁ ወንድሙ ዓይኑን ጨፍኖ ብረቱን ይዞ ሲያየው ልቡ ራራ፤ ይቅርታ ሊለው ከአፉ ጫፍ ደርሶ ነበር።

ሚስቱ ግን ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ "ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚሆነው?" አለች።

ታናሽየው ዓይኑን ገለጠ። "ሁለት ጓጉንቸር ይሁንበት። አንዱ የወንድም ጋሼ፣ አንዱ የኔ። ሁለታችን ካልቆምን አይከፈት። ከአሁን ወዲያ ማንም ማንንም እንዳይጠረጥር።"

ይህን ያለው "ኧረ ምን በወጣህ!" እንዲባል ነበር። በያጁ ግን ለሁለተኛው ጓጉንቸር የሚሆን ቀለበት አነሳና በሩ ላይ በየደው።

እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱ። ቤቱ ውስጥ ያለው ብስክሌት አንድ ነው፤ እሱም የተጠርጣሪው። ታናሽየው የገዛ ብስክሌቱን ለማውጣት በየማለዳው የወንድሙን መስኮት እያንኳኳ "ቁልፍ!" ይላል። በያጁ በእንቅልፍ ልብ ይወጣል፣ ይከፍታል፣ ተመልሶ ይተኛል። "እንዴት አደርክ" መባባል ቀስ በቀስ ቀረ።

ከዕለታት አንድ ቀን በያጁ ቀደም ሲል የደረጃ መደገፊያ የገጠመላቸው አንዲት አሮጊት ዘንድ ቀለሙን ሊጨርስ ሄደ። ደረጃው ሥር፣ አንሶላ ተጎናጽፎ፣ ብስክሌቱ ቆሟል።

"ረስተኸው ሄድክ እኮ!" አሉት አሮጊቷ እየሳቁ። "ያን ቀን መሣሪያህን በሰው መኪና ጭነህ ሄድክ፤ ብስክሌትህን ግን እዚሁ ተውከው። ቀለሙን ልትቀባ ስትመጣ ትወስደዋለህ ብዬ ነው።"

ለአፍታ ደስ አለው። ወዲያው ግን አንሶላውን መልሶ አለበሰው። ይዞት ቢሄድ ምን ይላል? ሚስቱስ ምን ትለዋለች? ወንድሙን በምን ዓይኑ ያየዋል?

"እትዬ፣ ትንሽ ይቆይልኝ" አለ።

ዛሬ እነግረዋለሁ ሲል ይውላል፣ ነገ ይሻላል ሲል ያድራል። ማለዳ መስኮቱ ይንኳኳል፤ "ቁልፍ!"። በዚህ መሀል ወሬው ከግቢ ወጥቶ ዳቦ ቤት ደረሰ። አንድ ከሰዓት ታናሽየው ፊቱ ጠቁሮ መጣና በረንዳው ላይ ቁጭ አለ።

"ወንድም ጋሼ፣ የዱቄት መጋዘኑን ቁልፍ ተቀበሉኝ። ወንድሙን የሰረቀ እኛን አይምርም ተባልኩ።"

በያጁ አፉን ከፈተ። "አይዞህ፣ ያልፋል" ብሎ ዘጋው። እዚህ ላይ ለእሱ የሚሟገት ካለ ይሟገት፤ እኔ አልችልም።

እሑድ የግቢው በር ተንኳኳ። ታናሽየው ከፈተ። አሮጊቷ ናቸው፤ ዘበኛቸው ብስክሌቱን እየገፋ ከኋላ ይከተላል።

"በያጁ ወንድምህ ነው አይደል የኔ ልጅ? ምናለ ቶሎ ቢወስደው! ቀለም ሊቀባ የመጣ ዕለት ብሰጠው 'ይቆይልኝ' ብሎኝ ሄደ። ቤቴ ጠባብ ነው፣ ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ነው ያመጣሁት።"

ታናሽየው አመሰገነ፤ እስከ በር ሸኛቸው። ሲመለስ በያጁ ጓሮው መሀል ቆሟል።

"ካየኸው ስንት ጊዜህ ነው?"

"ልነግርህ ነበር።"

"የመጋዘኑን ቁልፍ ሲቀበሉኝ እኮ መጥቼ ያለቀስኩት አንተ ጋ ነው።"

"ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።"

"ቁልፍህን አምጣ።"

ሁለቱን ጓጉንቸሮች ከፈተ። የገዛ ብስክሌቱን አወጣ። የራሱን ጓጉንቸር ከነቁልፉ ወንድሙ እጅ ላይ አስቀመጠ። "አሁን አንድ ይበቃሃል" አለ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። በሳምንቱ አልጋውን በጋሪ ጭኖ ከግቢው ወጣ። የት እንደተከራየ ለማንም አልተናገረም።

በያጁ ሁለተኛውን ቀለበት ማየት አልሆንልህ አለው። አንድ ቅዳሜ ቆርጦ ጣለው፤ ላሜራው ግን አብሮ ተበሳ። ቀዳዳውን ሊደፍን ቁራጭ ብረት በግራ እጁ ደግፎ፣ መነጽሩን አወረደና፣ "ዓይን!" ብሎ ጮኸ።

የሚጨፍን ሰው አልነበረም። እሱ ግን ብየዳውን ሳይጀምር ትንሽ ጠበቀ።