የዘበኛው ልጅ

ልብስ ሰፊዋ አሁንም ወንበሮቹን ላስተካክል ብላ ስትነሳ አክስቷ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት። እሷ ብትቀመጥም ልቧ አልተቀመጠም። ለቅሶ ደራሹ «እግዜር ያጥናሽ» ሲላት ጣቶቿ የሌለ ክር ይጎትታሉ። አባቷን ከቀበረች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

የሚያብከነክናትን ለማንም አልተናገረችም። በሞተበት ቀን ጠዋት አባቷ እንደ ልማዱ ጋዜጣውን ከኋላ ገጽ ጀምሮ፣ በዘበኛውና በፍየሉ ካርቱን ሲንከተከት፣ ልብስ ልታስለካ የመጣች ደንበኛ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ አፈረችና፣ «በዚህ ዕድሜህ በፍየል ትስቃለህ? ሰው ምን ይለናል?» አለችው። እሱም ጋዜጣውን አጥፎ ወደ ጎረቤት ወጣ። ተመልሶ ጋደም እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። ካርቱኑን ድሮም አትወደውም፤ አሁንማ ጠላችው።

ከሰዓት ጎረቤታቸው ጋሽ ካቻቢቴ መጡ። ዓይናቸው ሳይጠፋ መካኒክ ነበሩ፤ ቅጽል ስሙ ከዚያ የተረፈ ነው። ግድግዳውን እየዳበሱ አጠገቧ ተቀመጡና፣ እያመነቱ፣ ጋዜጣው መጥቶ እንደሆነ ጠየቋት። አባቷ በየቀኑ ካርቱኑን ያነብላቸው ነበር። አክስቷ በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ነውር ነው ብላ አጉረመረመች። ልብስ ሰፊዋ ግን ተጎልቶ ከመዋል ይሻላል ብላ ጋዜጣውን አመጣች።

ፊቷን እንዳኮሳተረች አነበበችላቸው። ዘበኛው ተኝቷል። ፍየሉ መጣ። ቆቡን በላው። ዘበኛው ነቅቶ ራሱን አከከ። አለቀ።

ጋሽ ካቻቢቴ ትንሽ ጠበቁ።

«ልጅቷስ?»

«የቷ ልጅ?»

«የዘበኛው ልጅ ናታ። ዛሬ ምን አለችው?»

አራቱንም ሳጥን ደጋግማ አየች። ልጅ የለችም። በዚያ ካርቱን ውስጥ ከዘበኛውና ከፍየሉ በቀር ማንም ኖሮ አያውቅም።

«እንዴት ያለች ናት?» አለች ቀስ ብላ።

«አፏ መቀስ ነው። አባቷን ቁም ስቅሉን ታሳየዋለች፤ እሱ ደግሞ ስትቆጣው ደስታው። የሷ ተራ ሲደርስ አባትሽ በሳቅ ማንበብ ያቅተው ነበር። በመጨረሻው ቀንማ፣ ‹በዚህ ዕድሜህ በፍየል ትስቃለህ?› ብላው ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ቀረን። ያለሷማ ካርቱኑ ምን ጣዕም አለው?»

አባቷ አልተቀየማትም ነበር። ይህን ስታውቅ ደረቷ ላይ የከረመው ነገር ለቀቅ አለ፤ ሽማግሌው አባቷ ሲቀልድባት ኖሮ እሷ አታውቅም። ጋዜጣውን እንደገና አነሳች። ፍየሉ ቆቡን እንዴት ባለ ጥሞና እንደሚያኝክ ልብ ብላ አይታ አታውቅም ነበር።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ዘልያት ነው። በሩ ላይ ቆማለች።»

«እህ?»

«‹ከነገ ጀምሮ ዘበኛው ፍየሉ ነው፤ እሱ ቢያንስ ነቅቷል› ትለዋለች።»

ጋሽ ካቻቢቴ በሳቅ ፈነዱ። ልብስ ሰፊዋም ሳቀች፤ አክስቷ ብታፈጥባትም ሳቋ አልቆመላትም፤ እንባዋም አብሮ ወረደ።

«የት ጋ ነው የቆመችው?» አሉ ጋሽ ካቻቢቴ።

ጣታቸውን ያዘችና ከዘበኛው ጎን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈችው።