ሁለት ምት

እና ጎረቤታችን አናጢው ምስማሩን ባይመታ ኖሮ አባቴ የኤሌክትሪክ ሽቦውን አይነካም ነበር፣ እውነት ነው፣ እናቴ ይህን ስትል እውነቷን ነው፣ ሆስፒታል፣ የአባቴ አልጋ አጠገብ ቆማ እየደጋገመችው ነው፣ አንተ ሰውዬ ያን መዶሻህን ባታነሳ ምን ነበረበት፣ ባሌ ዛሬ ሙሉ ሰው ነበር፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ ልክ ነሽ እትዬ፣ ልክ ነሽ። የአባቴ ቀኝ እጅ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሁለት ጣት የለም።

አንድ «ቢሆን ኖሮ» እውነት መሆኑን ለማወቅ፣ ይል ነበር የዩኒቨርሲቲ መምህራችን፣ ለእኛ በጣም የሚቀርበውን ሌላ ዓለም አስቡ፣ አንዲት ነገር ለውጡ፣ የቀረውን እንዳለ ተዉት። እሺ። አናጢው የጋራ ግድግዳችንን ሁለቴ አይመታም፣ አባቴ ጣሪያው ላይ ይጠብቃል፣ እኔ ታች ብሬከሩ ጋ እደርሳለሁ፣ መብራቱን አጠፋለሁ፣ ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳለሁ፣ «ጠፍቷል» የምንባባልበት ምልክታችን ነው፣ ያኔ ሽቦውን ይነካዋል። ደህና ነው። አሥር ጣት።

ግን ሌላም ዓለም አለ፣ ከዚያ የማይርቅ። አባቴ ያስተማረኝ «ጠፍቷል» ብዬ እንድጮህ ነበር፣ እኔ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ይሰማኛል ብዬ ላብ ያጠምቀኛል፣ አባዬ፣ ባንኳኳስ፣ ሁለቴ፣ አልኩት፣ ሳቀ፣ አንቺ ልጅ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ደብዳቤ ጽፈሽ ነው የምትነግሪን፣ ግን እሺ አለኝ።

ብጮህ ኖሮ መዶሻው መዶሻ ብቻ ይሆን ነበር፣ መዶሻን ከገዛ ልጁ ድምፅ ጋር የሚያምታታ ማን አለ። ይሄም እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች አይጣሉም፣ ሰውን ጥፋተኛ የሚያደርገው ግን በአፍ የተነገረው ብቻ ነው። ወይስ እኔ የምጮህበት ዓለም በጣም ሩቅ ነው፣ እዚያ ያለችው ልጅ እኔ አይደለሁም? ተይ። አትደበቂ። አንድ ቃል ነበር።

ለመሆኑ፣ ትላለች እናቴ፣ ይሄን የማንኳኳት ነገር ማን አመጣው?

እኔ ነኝ፣ ይላል አባቴ ወዲያው፣ ጩኸት አልወድም፣ ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ነው፣ ወደ እኔ አያይም፣ ውሸቱ እንደ ብርድ ልብስ ይደረብብኛል፣ ይሞቃል፣ ዝም ብል ማንም አይገልጠኝም፣ አናጢው ግን ከብርድ ልብሱ ውጭ ቀርቷል፣ ብርድ ላይ።

አባዬ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ ለመጮህ አፍሬ እኔ ነኝ የለመንኩት።

ብያለሁ። አናጢው ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ቁጭ ይላል፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል፣ እኔም አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ እናቴ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዛ በመካከላችን ቆማለች፣ ለማን እንደምትሰጥ ግራ ገብቷት።