ለተቆጣጣሪው እናት የሚጠቀለለው ዳቦ

አባዬን ዳቦ አትጋግር ማለት አትተንፍስ ከማለት አይለይም። ይህን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። ያላወቀው ያንን ቢጫ ታፔላ በራችን ላይ የሰቀለው ድርጅት ብቻ ነበር።

ዳቦ ቤቱ የአባዬ ነው። ጉልበቱ ሲደክምና ደንበኛው ሲሳሳ ፍራንቻይዝ የሚባለውን ነገር ያመጣሁት እኔ ሴት ልጁ ነኝ። በድርጅቱ ስም እንሸጣለን፤ ድርጅቱ ሊጡን አብኩቶ፣ እንደ ድንጋይ አቀዝቅዞ ይልክልናል፤ ከእኛ የሚጠበቀው መጋገርና ለደንበኛ ፈገግ ማለት ነው። ፈገግታው ራሱ ውሉ ላይ አንቀጽ አለው፤ እየቀለድኩ አይደለም። ሌላ አንቀጽ ደግሞ ከድርጅቱ ሊጥ በቀር በዚያ ቤት ምንም እንዳይጋገር ይከለክላል። አባዬ ሲነበብለት እሺ እሺ ብሎ ፈረመ። በማግስቱ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በገዛ እርሾው አንድ ትሪ ዳቦ ጋገረ።

«አንድ ትሪ እኮ ነው፤ ለድሮ ሰዎቼ» አለኝ። ተጨቃጨቅን፤ እንደተለመደው እሱ ረታ።

በየወሩ ከድርጅቱ አንድ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። የምድጃውን ሙቀትና የሽርጣችንን ንጽሕና አይቶ ይሄዳል። መጀመሪያ በመጣ ጊዜ የአባዬ ትሪ ገና ከምድጃ እየወጣ ነበርና እኔ በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ። አባዬ ምንም አልመሰለውም። ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ያየን ሰው ባዶ እጁን ሸኝቶ አያውቅም፤ የሥራው ሕግ ነው፣ ፖስታ አመላላሹም ሌባውም ቢሆን ያው ነው።

«ቤትህ ዳቦ የሚወድ ሰው አለ?» ሲል ጠየቀው።

«እናቴ።»

«ጥርሳቸው እንዴት ነው?»

«ደክሟል፣ አባባ።»

አባዬ ትሪው ላይ ያሉትን በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ለስለስ ያለውን መረጠና በወረቀት ጠቀለለለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተቆጣጣሪው ያንን ጥቅል ሳይዝ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። ስለ ትሪውም ትንፍሽ አላለም።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከዚያ ድርጅቱ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሾመ፤ ሰውየውም አንድ ማለዳ ሳይነግረን፣ ተቆጣጣሪውን አስከትሎ ከተፍ አለ። ትሪውን አየ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ ወጣ። ተቆጣጣሪው ወለሉን እያየ ተከተለው። ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤው ደረሰን፦ ውሉ ተቋርጧል፤ በውሉም መሠረት ለሦስት ዓመት በዚያ ቤትም ሆነ በሰፈሩ ዳቦ መጋገር አንችልም።

አባዬ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ሦስት ዓመት» አለ። «እኔ ሦስት ዓመት የት አለኝ?»

ለታፔላው ደንታ አልነበረኝም። የፈራሁት ማለዳ ተነስቶ የሚሄድበት ሲያጣ ማየትን ነው።

ጠበቃ ያዝን። ቢሮዋ ከጎሚስታ በላይ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃው ሁሉ ጎማ ጎማ ይሸታል። ዕድሜዋ የገፋ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። እንዲህ ያሉ የድርጅት ውሎችን ስትከራከር ነው የኖረችው። ውላችንን ከዳር እስከ ዳር ሳታነብ አንድ ቃል አልተናገረችም።

«ከመፈረማችሁ በፊት ብትመጡ ዋጋዬ ርካሽ ነበር» አለች፣ መነጽሯን እያወለቀች። «አንቀጹ ግልጽ ነው። ለመሆኑ ስለዚህ ትሪ ድርጅቱ ከዚህ በፊት ያውቅ ነበር?»

የተቆጣጣሪውን ነገር ዘረገፍኩት፤ ወረቀቱን፣ እናቱን፣ ጥርሳቸውን ሳይቀር። ጠበቃዋ ወደፊት ጠጋ አለች። «እንግዲህ ክርክራችን ይሄ ነው። የድርጅቱ ሰው እያየ፣ እየበላ ዓመታት ዝም ካለ፣ ድርጅቱ ዛሬ ተነስቶ ጥፋት ነው ቢል አያስኬደውም። ዳቦውን ይወስድ እንደነበር እንመሰክራለን።»

«ያ ልጅስ?» አለ አባዬ።

«ሥራውን ሊያጣ ይችላል።»

«እንግዲያው አይነሳም። ዳቦ ነው የሰጠሁት፤ ወጥመድ አልሰጠሁትም።»

«አባዬ፣ በገዛ ቤትህ እኮ ነው የከለከሉህ» አልኩ፤ ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሏል። «እሱ ላንተ ምን ተናገረልህ? መሬት መሬት ከማየት በቀር?»

ጠበቃዋ ተራ በተራ አየችንና ወደ እሱ ዞረች። «ውሉ በእርስዎ ስም ነው፤ ደንበኛዬም እርስዎ ነዎት። እርስዎ ካልፈቀዱ አላነሳውም። ግን ያለሱ በእጃችን ያለው ትንሽ እንደሆነ ይወቁት።»

«አውቄዋለሁ» አላት።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ሁለት እርምጃ ቀድሜው ሄድኩ። ደግነቱ አቃጠለኝ፤ ለሰው እየሳሳ ለራሱ የማይሳሳ ሰው ያናድዳል።

ክርክሩ ፍርድ ቤት አልሄደም፤ ውሉ በግልግል ዳኛ ይታይ ይላል። ረጅም ጠረጴዛና አንድ የማይሠራ ሰዓት ያለበት ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ድርጅቱ ማንን ምስክር አድርጎ ቢያመጣ ጥሩ ነው? ተቆጣጣሪውን። ኮሌታው እንደወትሮው ተተኩሷል።

«ከዚያ ቀን በፊት በዚህ ቤት ከድርጅቱ ሊጥ ውጪ የተጋገረ ዳቦ አይተህ ታውቃለህ?» ሲል የድርጅቱ ጠበቃ ጠየቀው።

«አላየሁም።»

ጠበቃችን አባዬን አየችው፤ እሱ ራሱን ወዘወዘ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጥያቄ የለኝም» አለች። ይህን ስትል ምን ያህል እንደከበዳት ፊቷ ላይ አየሁ።

ተቆጣጣሪው ተነስቶ ወደ በሩ ሲሄድ በአባዬ ወንበር አጠገብ ማለፍ ነበረበት። አባዬ ቀና ብሎ፣ ዳቦ ቤት እንደሚጠይቀው አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀው።

«እናትህ ደህና ናቸው?»

ሰውየው ቆመ። የአባዬን ወንበር መደገፊያ ያዘ። ጥያቄው ነገር እንዳልነበረበት እምላለሁ፤ አባዬ የጠየቀው ሴትየዋን ሲያስብ ስለሰነበተ ነው። ተቆጣጣሪው ግን ወደ ዳኛው ዞረ።

«ዋሽቻለሁ» አለ። «አውቅ ነበር። በየወሩ እወስድ ነበር። እናቴ ሌላ ዳቦ መብላት ካቆመች ቆይታለች።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ዳኛው ውሳኔ ሳይሰጥ ድርጅቱ መስማማትን መረጠ፤ ታፔላውን ነቅሎ ወሰደ፣ የሦስት ዓመቱም እገዳ ተነሳ። ጠበቃዋ ይህን በስልክ ነገረችን። ቀጥላ ተቆጣጣሪው መባረሩን ነገረችን።

ታፔላው በተነቀለ ማግስት አባዬ የፈለገውን ያህል ትሪ ጋገረ። የመጀመሪያዎቹን ዳቦዎች ጫን ጫን አድርጎ አንዱን መረጠ፣ በወረቀት ጠቀለለና ዘረጋልኝ።

«ለልጁ እናት አድርሺ። ቤታቸው ከጋራዡ ጀርባ ነው።»

«መጀመሪያ እኮ ክዶሃል» አልኩት።

«ኋላ ተናገረ አይደል? ሂጂ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

እያጉረመረምኩ ሄድኩ። ለተቆጣጣሪው የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለት ሦስት የሚያቆስል ቃል። በሩን የከፈቱልኝ ግን አንዲት ደቃቃ አሮጊት ናቸው። ወረቀቱን ሲነኩ ለዩት።

«እጃችሁ ይባረክ። ልጄ በገዛ እጁ ያመጣልኝ ነበር፤ አሁንማ ጊዜ የት አለው? መሥሪያ ቤቱ በማለዳ ነው የሚፈልገው፣ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። አሁንም ሥራ ላይ ነው።»

ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዋጥኩት። «አዎ እማማ፣ ሥራ በዝቷል» አልኩና ተመለስኩ።

ለአባዬ እንዳለ ነገርኩት። ሊጡን ማሸቱን አላቆመም። ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል፣ በዱቄታም ክንዱ ጠረጋቸው። ከዚያ በጠረጴዛው በወዲያኛው ጫፍ፣ ማንም በማይቆምበት በኩል፣ ዱቄት በተን አደረገ።

«ጎህ ሳይቀድ ከቤቱ ለሚወጣ ሰው መሄጃ ያስፈልገዋል» አለ። «እዚህ በዚያ ሰዓት መብራት እንደሚበራ ንገሪው።»

በጠበቃዋ በኩል መልእክት ላክሁበት። ለጥቂት ቀናት ድምፁን አጠፋ። አንድ ማለዳ፣ ሊጡ ገና ሳይነሳ፣ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ኮሌታው እንደተተኮሰ ነው። ለመግባትም ለመመለስም አቅም ያጣ ይመስላል።

አባዬ ከሊጡ ላይ ቀና አላለም።

«እጅህን ታጠብ» አለው።

ፎጣውን እኔ አቀበልኩት።