ኩላሊቴን ነው የሚያመኝ

ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰገድኩም። ቤቴ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የሶላት ወቅት ሲገባ እጅ እግሬን ታጥቤ ውዱእ አደርጋለሁ፣ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፣ መስገጃዬን አነጥፋለሁ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የሚበቃውን ያህል ቆይቼ እወጣለሁ። ልጄ ሐሩን «አላህ ይቀበልሽ» ይለኛል። «አሚን» እላለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ዓይኑን ሳላይ ነበር የምለው። በኋላ ለመደኝ፤ ምንም አይሰማኝም።

ነገሩ የጀመረው በሰማንያ ሰባት ዓ.ም. ነው፤ የወር አበባዬ ከቆመ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ገርጂ ያለችው ሱቄ ውስጥ የስኳር ኬሻ ስጎትት ሽንት አመለጠኝ። ሰው አላየም። በሳምንቱ ሲያስለኝ፣ ከዚያ ስስቅ፣ ከዚያ እንዲሁ በተቀመጥኩበት። ግንባሬን መሬት ለማስነካት ሱጁድ ስወርድማ ቀጠሮ የያዘ ይመስል ነበር። ውዱኤ ፈረሰ ብዬ እነሳለሁ፣ ታጥቤ እመለሳለሁ፣ ደግሞ ይመጣል። አንድ ቀን ለቀትሩ ሶላት፣ ለዙሁር ብቻ አራት ጊዜ ታጠብኩ። በአምስተኛው መስገጃውን አጣጥፌ ተውኩት። ነጃሳ በነካው ልብስ አላህ ፊት ከምቆም ባልቆም ይሻላል አልኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴው ፈረድኩት።

ቆይቶ ማቃጠልም ተጨመረ። ሐሩን ፊቴን አይቶ በሚነዳው ሚኒባስ ቦሌ መንገድ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደኝ። ሐኪሙ ልጄን የሚያክል ወንድ ነው። ሐሩን አጠገቤ ቆሟል።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለኝ ሐኪሙ።

እንግዲህ በእኛ አገር ከእምብርት በታች ያለው ሕመም ሁሉ አንድ ስም አለው። «ኩላሊቴን» አልኩት።

ደም አስመረመረኝና «ውሃ በብዛት ይጠጡ» አለኝ። ሐሩን ቃሉን እንደ አደራ ያዘው። ጠዋት አንድ ጠርሙስ፣ ምሳ ላይ አንድ፣ ማታ ከመግሪብ በኋላ አንድ፤ ካልጨረስኩ ከፊቴ ንቅንቅ አይልም። ልጄ እየወደደኝ በውሃ ሊጨርሰኝ ነበር። አልሳቅኩም፣ አላለቀስኩም፤ ጠጣሁ። የሱቁ ወንበር ላይ ላስቲክ አነጠፍኩ። ታክሲ መሳፈር ተውኩ። ሰርግ ቀረሁ። ሰፈሩ «ኩላሊት ክፉ ነው» እያለ አዘነልኝ፤ እኔም አብሬ አዘንኩ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ከዓመት በኋላ ለምርመራ ተመለስን። ያን ቀን ሽንት የምትቀበለው ሲስተር እንቁ የምትባል የወለጋ ልጅ ነበረች። ብልቃጡን ስትሰጠኝ አስነጠሰኝ። ወለሉን አየች። እኔም አየሁ። ሐሩን ውጪ ነበር። በሩን ዘጋችና ራሷ በጨርቅ ጠረገችው።

«እማማ፣ ሽንት ያመልጥዎታል?»

በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «አዎ» አልኩ። «በቀን ሦስት ጠርሙስ ውሃ ነው የምጠጣው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ውሃ ማን አዘዘልዎት?»

«ኩላሊቴን ነው ብዬ ነዋ።»

«ያለፈው ውጤትዎ ይኸው፣ ኩላሊትዎ ደህና ነው። የወር አበባ ሲቆም ብልት ይደርቃል፣ ያቃጥላል። ሽንት የሚይዘው ጡንቻም ይላላል። ስንቷ ናት ኩላሊቴን እያለች እዚህ የምትመጣው።»

ዶክተር አለም ወደምትባል ሴት ሐኪም አስገባችኝ። አየችኝ፤ የሚቀባ መድኃኒት ጻፈችልኝ። ሽንቱን እንደያዘ ሰው አጥብቄ መያዝና መልቀቅ በየቀኑ እንድለማመድ አስተማረችኝ። ውሃውን በልክ አደረገችው። በወራት ይቀንሳል፣ ጨርሶ ላይጠፋ ግን ይችላል አለችኝ።

ስወጣ ሲስተር እንቁን «መስገድ እችላለሁ?» አልኳት።

«እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የእናንተን አላውቅም» አለች። «የምታውቅ ሴት የለችም?»

ነበረች። ሐሚዳ ከሱቄ ሦስተኛው ቤት ናት፤ የሰፈሩን ሴቶች ቁርኣን የምታቀራው እሷ ናት። በየሳምንቱ ሳሙና የምትገዛውም ከእኔ ነው። ቤቷ ሄጄ የሌላ ሴት ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኳት።

«ማቆም ካልቻለች፣ ወቅቱ ሲገባ ትታጠብ፣ ጨርቅ ትታሰር፣ ውዱእ አድርጋ ትስገድ» አለች። «እየሰገደች ቢመጣም ሶላቷ ሶላት ነው።»

«ይሄ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከነቢዩ ዘመን ጀምሮ ነዋ፣ ፈዲላ።» ትንሽ አየችኝ። «እኔ ራሴ ስድስት ዓመቴ ነው።»

ያ ሁሉ ሳሙና ትዝ አለኝ። ተናደድኩ፤ በእሷ ይሁን በራሴ አላውቅም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እኔም ሰው ሲጠይቀኝ ኩላሊቴን ነው የምለው።»

ከሰዓት የአስር ሶላት ሲገባ ታጠብኩ፣ ጨርቄን ታሰርኩ፣ ውዱእ አደረግኩ። መስገጃውን አነጠፍኩና በሩን ክፍት ተውኩት። እጄን ሳነሳ ደስታ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። ሱጁድ ላይ ሳል መጣ። አመለጠኝ። ልነሳ ነበር። ሐሚዳ ትዝ አለችኝና ባለሁበት ቆየሁ። ቆይቶ ከዓይኔም ወረደ። ሁለቱንም አልከለከልኩም።

ሶላቱን ጨርሼ፣ አሰላምቼ ዞር ስል ሐሩን ጠርሙሱን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«አላህ ይቀበልሽ» አለኝ።

«አሚን» አልኩ። ውሃውን ግን አልተቀበልኩትም።