በእጅ የሚታይ ካርድ

«ምስሬን ማን ነካው?»

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባሌ መክብብ ኡበር ሊነዳ በጠዋቱ ወጥቷል። በሰው አገር፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለችው አፓርታማችን ውስጥ የቀረነው እኔ፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ ሄራንና አማቴ እማማ አሰፋሽ ነን። እማማ ዓይናቸው አያይም፤ እሳቸው ምስር አይሰርቁኝም።

ምስሩ ተደፍቷል፣ ፓስታው ተሰባብሯል፣ ጥጡ ከነፌስታሉ የለም። ምንጣፉ ላይ ሙጫ! የኪራይ ቤት ምንጣፍ እኮ ነው! ቁም ሳጥኔን ብከፍት ደግሞ ለበዓል ያስቀመጥኩት የሐር ሸሚዝ ሁለት ቁልፎቹ ተቆርጠው ተወስደዋል።

«ወይኔ ጉዴ! ሄራን! ዛሬ አለቀልሽ!»

እውነቱን ለመናገር፣ ንዴቴ የሸሚዙ ብቻ አልነበረም። እማማ ከደሴ ከመጡ ወር ሊሞላቸው ነው፤ ሄራን ግን አንድ ቀን እንኳ ቀርባ ጉንጫቸውን ስማ አታውቅም። ነጩን ዓይናቸውን ፈራችው። ሲጠሯት ከኋላዬ ትደበቃለች። እማማ ይሄ ይጠፋቸዋል? «ልጅ ላስደነግጥ አልመጣሁም፤ አገሬ መልሱኝ» አሉ። ብንለምን ብንለምን አሻፈረኝ! ትኬቱ ለእንቁጣጣሽ ማግስት ተቆረጠ። የልጅ ልጃቸውን ፊት አንዴ እንኳ ሳይዳስሱ ሊሄዱ ነው። ያ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ሸሚዙን እንደያዝኩ ሄራንን ልብሷ የሚሰቀልበት ክሎዜት ውስጥ አገኘኋት፤ በሩን ዘግታ፣ በጨለማ። መብራቱን አበራሁት። ዓይኗን በሻሼ አስራ መሬት ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ያለውን ወፍራም ካርቶን በጣቶቿ ትዳስሳለች።

«ማሚ፣ ኖ! አጥፊው! ቼክ እያደረግኩ ነው!»

«ምኑን ነው ቼክ የምታደርጊው?»

«የአማርኛ ቲቸር ለቤተሰብ የእንቁጣጣሽ ካርድ ሥሩ አለች። አያቴ ግን ከለር አይታያትም። ሶ፣ በእጅ የሚታይ ሠራሁላት።»

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ይሄን ማን አስተማራት? እኔ በዚህ ዕድሜዬ በሕልሜም አልመጣልኝ። መብራቱን አጠፋሁላት።

ሲያልቅ ካርዱን ወደ እኔ ገፋችው። «አንቺ ስጫት።»

«ሞቼ ነው! የሠራሽው አንቺ፣ የምትሰጪውም አንቺ።»

ዳር ዳር እያለች ሄዳ የእማማ ጭን ላይ አስቀመጠችውና ወደ ኋላ አፈገፈገች።

እማማ ጣታቸውን ሰደዱ። «ምንድን ነው? ምስር? ወይንሸት፣ ምሳ በካርቶን ሆነ እንዴ?» ከዚያ ጣታቸው የምስሩን ክብ ቀስ ብሎ ዞረው። «ፀሐይ ናት» አሉ። በፓስታው ላይ ወረዱ። «ቤት። በሩም ይኸው።» ጥጡ ላይ ደረሱ። «ይቺ ሽበታም ማን ናት? እኔ ነኝ?»

ሄራን ራሷን ነቀነቀች፤ እንደማያዩዋት ትዝ ሲላት፣ «የስ፣ አንቺ ነሽ» አለች።

ጣታቸው ከጥጡ ዝቅ ብሎ የሸሚዜን ቁልፎች ነካና ቆመ።

«ይሄስ?»

«ዓይንሽ ነው። የማሚን በጣም ቆንጆዎቹን ነው የሰጠሁሽ።»

 ተቀየሙ ስል፣ እማማ ሳቁ። እየሳቁ እንባቸው ወረደ። «እሰይ የኔ ልጅ! ሰማሽ ወይንሸት? ዓይን ሠራችልኝ! ነይ እስቲ፣ እኔም ልይሽ።»

ሄራን ሄደች። ዓይኗን እንደሳቸው ጭፍን አድርጋ እጃቸውን ያዘችና ፊቷ ላይ አሳረፈችው። ጣታቸው ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ የወለቀችውን ጥርሷን ቦታ ሳይቀር ዳሰሰ። እኔ ቁልፍ የጎደለውን ሸሚዜን እንደታቀፍኩ ቆሜ አየኋቸው። እንዲህ ያለ ነገር በቤቴ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

«ወይንሸት» አሉ፣ እጃቸውን ከፊቷ ሳያነሱ። «ለመክብብ ደውዪለት። ትኬቱን ለጥምቀት ይግፋው፤ ይቺን ልጅ ገና አይቼ አልጠገብኩም።»